የመስራቹ እሺታ

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሬዲዮ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል፤ የዳቦ ዋጋ ከትናንት ጀምሮ ስለ ጨመረ እያንዳንዱ ገዢ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ያጉረመርማል፤ ሻጯም ለሁሉም ያንኑ መልስ ትመልሳለች፣ ዱቄቱን ያስወደድኩት እኔ አይደለሁም ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ተራዋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ከተማው በመናፈሻው ውስጥ ያለውን ክፍት መድረክ ከዛሬው ዝግጅት በኋላ ሊያፈርሰው መሆኑን ሬዲዮው ሲናገር ሰማች። ይህ ወሬ ወራት ሙሉ ሲንከባለል የከረመ ስለሆነ አላስደነገጣትም። ያስደነገጣት ቀጥሎ የመጣው ነው። ጋዜጠኛው፣ የበጋው ኦርኬስትራ መስራች ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ተጠይቀው በገዛ አንደበታቸው ተስማምተዋል አለና የተቀዳ ድምፅ አሰማ። አንድ ትሑት ሰው፣ "ጋሼ፣ መድረኩ ፈርሶ ኦርኬስትራው ወደ አዲሱ አዳራሽ ቢገባ ይስማማሉ?" ሲል ይጠይቃል። ወንበር ተንቋቋ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም፣ የሻከረ ድምፅ "እሺ" አለ።

የባሏ ድምፅ ነበር።

ሻጯ የያዘችውን ዳቦ እንደያዘች ቀረች። "እትዬ፣ ጋሼ ናቸው እኮ። ድምፃቸው ተመለሰላቸው ማለት ነው?" አለቻት፤ ፊቷ ላይ ደስታም ቅሬታም ነበረበት። ከኋላ የቆመው ሰውዬ ግን ልብስ ሰፊዋ ማን እንደሆነች አላወቀም፤ ዕድሜ ልኩን ያቆመውን ነገር በአንዲት ቃል ሸጠው፣ ሰው ሲያረጅ የሚሰፋው ልቡ ሳይሆን ሆዱ ነው ብሎ አጠገቡ ላለው አወራ። ያኛውም፣ ምን ሰጥተውት ይሆን ሲል መለሰለት። ልትመልስላቸው ዞረች። ምን ትበል? ባሌ እሺ አላለም ትበል? ሰው ሁሉ በጆሮው ሰምቷል። ዳቦዋን ታቅፋ ወጣች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው መሥሪያዋ ነው፤ የስፌት መኪናዋ፣ መተኮሻ ጠረጴዛዋ፣ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ሱሪዎች የተንጠለጠሉበት ሽቦ። የኋለኛው ክፍል መድኃኒትና የታጠበ አንሶላ ይሸታል። ባሏ እዚያ መስኮቱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ ይውላል። ባለፈው ዓመት የበጋው ዝግጅት ባለቀ ሰሞን፣ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደ ጎን ተጋደመና ሲያነሱት ቀኝ ጎኑ በድን ሆኖ ተገኘ። ንግግሩም አብሮ ሄደ። ሐኪሙ፣ ቃላቱ ጭንቅላቱ ውስጥ አሉ፣ የሚሰማውንም ሁሉ ይረዳል፣ የተበላሸው መውጫ መንገዱ ነው ብሎ አስረዳት። ከዚያ ሁሉ ቃል ተርፎ የሚወጣው አንድ ብቻ ነበር፤ እሺ። ውሃ ልስጥህ ሲሉትም እሺ፣ አትጠማም ወይ ሲሉትም እሺ፣ ሲያመውም እሺ። ይህ ሰው በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እሺ ብሏት የማያውቅ ሰው ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ብትለው ከደመናው ጋር የሚከራከር። መጀመሪያ ሰሞን እሷና ልጇ በዚህ ስቀው ነበር። በመጨረሻ አሸነፍኩህ ብላው፣ እሱም በግማሽ ፊቱ አብሯቸው ስቆ ነበር። እየቆየ ሳቁ አለቀ፤ ቃሉ ብቻ ቀረ።

ይህን ከሦስቱና ከሐኪሙ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ጥሩምባ ነፊው ጓደኛው፣ ኦርኬስትራው በሙሉ ሳንባ እያለ የሚጠራው፣ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ድምፁ ከፊተኛው ክፍል ሲሰማ ባሏ በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ስቦ ፊቱን ሸፈነ፤ ሳንባ እስኪሄድ ድረስም አልገለጠውም። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ፊት ቆሞ በአንድ ጣት አርባ ሰው ዝም ሲያሰኝ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ማንም በዚህ ሁኔታ እንዳያየው ለራሷ ማለች። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ፣ ጉሮሮው ነው፣ እየተሻለው ነው፣ ሐኪሙ አታናግሩት ብሏል እያለች ከደጃፍ መለሰች። ውሸቱ መጀመሪያ ከብዷት ነበር፤ በኋላ እንደ ሰላምታ ቀለላት።

አሁን ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከትናንት በስቲያ መድኃኒቱ ከአቅራቢያው ጠፍቶ ከተማውን አቋርጣ ስትሄድ ልጃቸው ነበር አብሮት የቆየው። ስትመለስ ባሏን በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ሲደበድብ አገኘችው። ሕመሙ የባሰበት መስሏት ትከሻውን በቅባት ልታሸው ስትሞክር ብልቃጡን ከእጇ መትቶ ጣለው። እሷም ከሕመሙ ይረፍ ብላ የእንቅልፍ ኪኒኑን ከመጠኑ ጨምራ ሰጠችው። ትናንትም እንዲሁ ሲደበድብ ውሎ፣ እንዲሁ ኪኒኑን ሰጥታው፣ እንዲሁ ተኝቷል። ያ ሁሉ ነገር አሁን በሬዲዮው ድምፅ ውስጥ ተገልጦ ታያት።

"ስትነግረኝ ነበር ለካ" አለችው።

"እሺ" አለ። ዓይኖቹ ግን ተሞልተው ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚናገሩት ከዓይኖቹ ሌላ አልነበሩም። ዳቦውን በሻይ አርሳ አጎረሰችው፤ አፉን ጠረገችለት፤ ጎረቤቷን በየመሃሉ ብቅ እያለች በመስኮት እንድታየው ለምና ወጣች።

ልጇ የሚሠራው በከተማው የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ነው። የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ሆኖ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ተክሎች ደርቀዋል፤ አፈራቸው ላይ የሲጋራ ቁራጭ ተተክሎበታል። ልብስ ሰፊዋ የኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የሚያልፉት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ያውቋታል፤ ለጋሼ ምስጋና አድርሺልን፣ ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነገሩን በሰላም የሚጨርስ ነው አሏት። ልጇ ሲመጣ ሳይስማት አጠገቧ ተቀመጠ። ለምን እንደመጣች እንደሚያውቅ ነገራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ዓይኑ ከገዛ ጫማው አልተነሳም፤ አለቃው አባትህን ልንጠይቅ እንፈልጋለን እንዳለው፣ እሱም አበባ ይዘው ሊመጡ ነው ብሎ እንዳሰበ፣ እውነትም አበባ ይዘው እንደመጡ አወራ። አበባውስ የት ደረሰ አለችው። ስትመለሺ እንዳታዪው ይዤው ወጣሁ አላት።

መቅጃውን ሲያወጡስ አንተ የት ነበርክ ብላ ጠየቀችው። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ በፊታቸው እስክታልፍ ድረስ ሁለቱም ጠበቁ።

"እማዬ፣ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በር ብቻ ነው የከፈትኩት።"

"ከእሺ ሌላ እንደማይወጣው ግን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ" አለ።

ቢዋሽ ይሻላት ነበር። አሁኑኑ ገብተህ ለአለቃህ እውነቱን ንገረው ብላ እጁን ያዘችው። እሱ ግን አለቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ ብሎ እንደሚሆን፣ ስንት ዓመት በጊዜያዊነት ሲጉላላ ከርሞ ቋሚነቱ ሊጸድቅለት ጫፍ ላይ እንደደረሰ፣ ሚስቱም ሁለተኛውን ልጅ እንዳረገዘች፣ የቤት ኪራዩም በያዝነው ወር እንደተጨመረ እያመነታ ዘረዘረላት። የልጄን ጉሮሮ ልዝጋ ወይ አላት። ከዚያ፣ ሳያስበው ይሁን አስቦበት፣ የመጨረሻውን ተናገረ። "ደግሞ ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ነው፣ ደህና ነው እያልሽ ሰውን የመለስሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ባትደብቂው ማን ያምናቸው ነበር?"

ውሸት ቢሆን ኖሮ ጥፊ ታቀምሰው ነበር። እውነት ስለሆነ እጁን ለቀቀችው። ተነስቶ ወደ ቢሮው ገባና በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው፤ አባቱ ቤት ውስጥ ኖታ ሲያጠና እንዳይረበሽ በር ቀስ ብሎ መዝጋትን ከሕፃንነቱ ያስተማረችው እሷ ነበረች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መናፈሻው ሄደች። ሙዚቀኞቹ ለመጨረሻው ዝግጅት ልምምድ ላይ መሆናቸውን ታውቃለች። በዛፎቹ መካከል ስታልፍ የጥሩምባ ድምፅ ይሰማታል፤ ይህን መንገድ ከሰርጓ በፊት ጀምሮ ታውቀዋለች። ያኔ መድረክ የሚባል ነገር አልነበረም። ባሏ ወጣት የመዝሙር አስተማሪ ነበር፤ የሳሙና ፋብሪካው ሲዘጋ የሠራተኞቹ ባንድ መሣሪያዎች መጋዘን ውስጥ መቅረታቸውን ሰምቶ ባለቤቱን ደጅ ጠንቶ አስወጣቸው። የተበተኑትን ሠራተኞችም አንድ በአንድ ከየቤታቸው ለቀማቸው። በከተማው የነበረው አንድ አዳራሽ ብቻ ነው፤ በረኛው ደግሞ ከረባት ያላሰረ አያስገባም፤ ከተጫዋቾቹ ግማሹ ከረባት አልነበራቸውም። ባሏ በረኛውን ሲከራከር አመሸና፣ በነጋታው ሰዎቹን ይዞ መናፈሻ ወጣ። ሰማይ በረኛ የለውም አለ። ይህ አባባሉ በከተማው ቀልድ ሆኖ ዞረ። የመጀመሪያው በጋ ላይ የሳሙና ሳጥን ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ፤ አድማጮቹ አትክልተኞችና አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እሷ ከአንድ ሆቴል የተጣለ አንሶላ ገዝታ ለሁሉም ነጭ ኮት ሰፋችላቸው፤ ክላርኔት ነፊው ሲቀመጥ ኮቱ በጀርባው ተተርትሮበት ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ያን ምሽት ነው ባሏ መጀመሪያ ልብ ብሎ ያያት፤ መርፌና ክር ይዛ ከሰውየው ጀርባ ተንበርክካ ስትሰፋ።

ከዚያ ወዲህ ኦርኬስትራው ያላየው ነገር የለም። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ዓመት ቀትር ላይ ተጫወቱ፤ የጥሩምባው አፍ በፀሐይ ግሎ ከንፈር ይልጥ ነበር። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ወጣቶቹ ዘመቱና የቀሩት፣ ያልተመለሱትን ኮት በየወንበራቸው ላይ አንጠልጥለው በጋውን ጨረሱ። መብራት በጠፋበት ዓመት ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን ዙሪያውን አቁመው የፊት መብራታቸውን አበሩላቸው። መድረኩን የሠራው ሕዝቡ ነው፤ አናጺው ጣውላ፣ ግንበኛው ጉልበት አዋጥቶ። አሁን አዲስ ወደ ተሠራው አዳራሽ ይገባሉ የተባሉት ግማሾቹ ብቻ ናቸው፤ ለሌሎቹ ቦታ የለም ተብሏል። አዳራሹ በረኛ አለው።

መድረኩ ጋ ስትደርስ ሙዚቃው አንድ በአንድ ቆመ። ሳንባ ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀምጦ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚነሳላት ሰውዬ ዛሬ አልተነሳም። ምን እንደሆኑ ስትጠይቃቸው ባለ ቫዮሊኗ ሴትዮ ነበረች የነገረቻት። ዛሬ ዝግጅቱ ሲያልቅ ላለመውረድ ተማምለው ነበር፤ ሌሊቱን መድረኩ ላይ ሊያድሩ፣ የማፍረሻው ማሽንም ሲመጣ እዚያው ሊያገኛቸው። ጠዋት የጋሼን ድምፅ ሲሰሙ ግን ግማሾቹ፣ እሱ ካለ እኛ ማን ነን ብለው ተዉት። ልብስ ሰፊዋ እዚያው ቆማ ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ነገረቻቸው። የባሏን በሽታ፣ የቀረችለትን ቃል፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉንም። ስትጨርስ ያመናት አልነበረም። ባለፈው ወር እየተሻለው ነው ብለሽን አልነበረም ወይ አሏት። ሳንባ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ መጥቼ ከደጅ መለስሽኝ፣ ዛሬ ጉዱ በሬዲዮ ሲወጣ ነው ዱዳ የሆነው አላት። ክፋት ሳይሆን ስብራት ነበር ድምፁ ውስጥ። በመጨረሻ፣ አምጪውና በዓይናችን እንየው አላት፤ ጋሼ አላልኩም ካለን ከዚህ ጣውላ ላይ የሚያወርደን የለም።

አላልኩም ማለት አይችልም ብላ ልትደግምላቸው አሰበችና ተወችው። ሊያዩት ይገባል።

ቤት ስትደርስ ባሏ እንደተወችው ነበር። ፊት ለፊቱ ተንበርክካ ሁሉንም አስረዳችው፤ ልጃቸው ያለውን ግን አልነገረችውም። ወደ መናፈሻው እንሂድ ወይ ስትለው እሺ አለ። እንቅር ስትለው እሺ አለ። ዓይኑን ልታነብ ሞከረች፤ እሱ ግን ወደ መስኮቱ ዞረ። ገላውን አጠበችው፣ ጢሙን ላጨችው፣ ነጩን ኮቱን አለበሰችው። ሰውነቱ ስለ ከሳ ኮቱን ከኋላው በመርፌ ቁልፍ ያዘችለት። በድኑን እጁን ጉልበቱ ላይ በደንብ አስቀመጠችና ወንበሩን ወደ በሩ ገፋችው። ጎማው ደፉን ሊያልፍ ሲል ግራ እጁ ብድግ ብሎ የበሩን መቃን ያዘ።

ገፋች፤ ወንበሩ አልሄደም። እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው ብላ አሰበች። መግፋቷን ለመቀጠል እንዲህ ብላ ማሰብ ነበረባት። ጎንበስ ብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቀቀቻቸው፤ ያ እጅ አሁንም ብርቱ ነበር። የመጨረሻውን ጣት ስታላቅቅ ባሏ ቀስ ብሎ እሺ አለ።

መናፈሻው በሰው ተሞልቷል። መንገዱን የለቀቀላቸው ሕዝብ ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ ፊቱን አዞረ፤ አንዲት ሴት ብቻ ተከትላቸው እየመጣች፣ ጋሼ ምን ነካዎት እያለች ስትጠይቅ ቆየች። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ከመድረኩ ጀርባ፣ ሸራው ከተወጠረበት፣ ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ከሚቃኙበት አስገባችው። ባዩት ጊዜ መቃኘቱን ተዉ። ጥቂቶቹ ጎንበስ አሉለት። ሳንባ ቀረበና ከወንበሩ ፊት ቆመ፤ የጓደኛውን የተጣመመ አፍ አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቢሆንም የመጣበትን ጠየቀ።

"ጋሼ፣ መድረኩ ይፍረስ ብለሃል?"

"እሺ።"

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ፈጥና፣ አይፍረስ ነው የምትለው ስትለው ያንኑ መለሰ። ባለ ቫዮሊኗ፣ እርጅና ነው፣ ግራ ተጋብተው ይሆናል አለች። ሌላው፣ አንዴ ብለዋል እኮ ምን ያስጨንቀናል አለ። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ነው የገባት፤ እንዲያምኗት በጥያቄው ገና ርቃ መሄድ አለባት፣ እሱን ይዛ። ከወንበሩ ፊት ተንበረከከች። ባሏ ምን ልታደርግ እንደሆነ አስቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ተይ በሚል ዓይን ነበር ያያት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ነግሯት አያውቅም።

"ስምህ ማን ነው?" አለችው።

"እሺ።"

"እኔ ማንህ ነኝ?"

"እሺ።"

"ልጅህ ቢሞት ደስ ይልሃል?"

"እሺ።"

ከኋላ አንድ ወጣት መለከት ነፊ አመለጠውና ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ባሏ ሳቁን ሰማው። ያ ጆሮ ከአርባ ሰው መሃል የአንዱን ክር መርገብ የሚሰማ ጆሮ ነው። ልብስ ሰፊዋ ማቆም ነበረባት፤ ግን የማያምኑ ፊቶች ገና ነበሩ፤ ጀምራዋለችና መጨረስ አለባት። "እኔንስ እዚህ አርደው ቢጥሉኝ?" አለችው። ባሏ ጥርሱን ነከሰ። ግራ እጁን አንስቶ አፉ ላይ ጫነ፤ ጉንጩ እስኪነጣ ድረስ ጫነው። ቃሉ ግን በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ወጣ።

ሳንባ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ተንበረከከ። "ይብቃ፣ እትዬ" አላት። "አየን። ይብቃ።"

ቀና ስትል ልጇን አየችው። ከሸራው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር እንዲሰበስቡ ከላካቸው ሠራተኞች ጋር የመጣ ነው። ሁለት የታጠፈ ወንበር በየብብቱ ይዟል። ከየትኛው ጥያቄ ጀምሮ እንደሰማ አላወቀችም፤ ከፊቱ ግን ገመተች።

የዚያን ቀን ኦርኬስትራው በንዴት ተጫወተ፤ የሰማ ሁሉ እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም ይላል። ሲጨርሱም አልወረዱም። ሳንባ የሆነውን ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ሊነግር ጀምሮ ሳለ መብራቱም ማጉያውም ጠፋ፤ ከፊተኛው ረድፍ በስተቀር ማንም የሰማው የለም። በጨለማ በቃላቸው የሚያውቁትን ተጫወቱ። ከዚያ ቅዝቃዜው መጣ፤ ሰውም ተበተነ፤ ልጅ ያላቸው ሙዚቀኞች ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ሲነጋ የቀሩትን ጥቂቶች ዘበኞቹ በክንዳቸው እየያዙ፣ በትሕትና፣ አንድ በአንድ አወረዷቸው። ሬዲዮው ስለዚህ ምንም አላለም፤ መስራቹ እሺ ብለዋል የሚለውን ግን ሲደጋግመው ሰነበተ። መድረኩ በዚያው ሳምንት ፈረሰ። ግማሾቹ አዳራሹ ገቡ፤ ባለ ቫዮሊኗም ገባች፤ ማንም አልፈረደባትም። ሳንባ ቦታ ቢሰጡትም አልሄደም።

ልብስ ሰፊዋ ግን የመድረኩን መጨረሻ አላየችም። ሙዚቃው ሲጀመር ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፋ፤ እሷም ወደ ቤት ይዛው ልትሄድ ወንበሩን አዞረች። በመንገዱ አጋማሽ ላይ ልጇ ደረሰባቸውና እጀታውን ከእጇ ተቀበላት። ሦስቱም ወደ ቤት አመሩ። ጎማው ይንቋቋል፤ ሙዚቃው ከኋላቸው እየሳሳ መጣ፤ የመንገዱ ሱቆች በራቸውን ይዘጋሉ። ቤት ሲገቡ ልጁ አባቱን አንስቶ አልጋው ላይ አስተኛው፤ ኮቱን አወለቀለት፤ እሷም የመርፌ ቁልፏን ተቀበለች። ከዚያ ልጁ ከአልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለ። የተናገረበት ድምፅ ለረጅም ጊዜ ያልሰማችው ዓይነት ነበር።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ።"

ጠበቁ። ውሃ ሲሰጡት፣ ሲያጥቡት፣ ሲያገላብጡት፣ ምንም ሲሉት ሳያስበው የሚወጣው ቃል አልወጣም። ልጁ እንደገና አለው። ባሏ ጣሪያውን እያየ ዝም አለ። ልጁ ቀና ብሎ እናቱን ተመለከተና ተነሳ። ሲወጣ በሩን እንደልማዱ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቀጥሎ እሷ ተንበረከከችና በተራዋ ይቅርታ ጠየቀችው። ለእሷም ዝም አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልተናገረም። ሐኪሙ መጥቶ መረመረው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ደም ፈሶበት ይሆናል፣ ያቺም ቃል መሄዷ የሚጠበቅ ነው አላት። ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሚያውቀውን ያውቃል። እሷ ደግሞ የምታውቀው ሰው አለ። በያዘው ነገር እልኸኛ የሆነ፣ አንዴ ከዘጋ የማይከፍት። አሁን በራቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሳንባ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ባሏም ፊቱን አይሸፍንም፤ የሚሸፍነው ነገር አልቀረለትምና። ልጃቸው ቋሚ ሆኗል። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ያመጣውን ፍራፍሬ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ስለ አየሩና ስለ ኪራዩ ጥቂት ይላል፤ እናቱ ሻይ ትቀዳለታለች፤ ጠጥቶ ይሄዳል። ሕፃኗ ተወልዳለች፤ ገና አላመጣትም።

ሲመሽ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ትሸፍናለች፤ የፊተኛውን በር ትቆልፋለች፤ ባሏን ወደ ግድግዳው አዙራ ትራሱን ታስተካክልለታለች። ከዚያ ማብሪያውን ይዛ ትቆማለች።

"ላጥፋው?" ትለዋለች።

ትጠብቃለች። እስትንፋሱን ትሰማለች፤ እንዳልተኛ ታውቃለች። እንደገና ሳትጠይቅ ታጠፋዋለች።